ክዳኑ የት ገባ?

ጥምቀትን ጎንደር አክብሬ ሲያበቃ ኮሶዬ አክስቴ ዘንድ ወጣሁ። ቡናው እስኪፈላ ዐይኔ ጤና አዳሙ ላይ ቀረ። ጤና አዳሙ እንኳ አይደለም የሳበኝ፤ የተተከለበት ነው። ወገቡ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን፣ ቂጡ በጋለ ሚስማር ሦስት ቦታ ተበስቶ፣ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ማታ ማታ የኮሶዬ ውርጭ እንዳያቃጥለው እንደ ጫጩት ወደ ቤት ይገባል። የላይኛው ግማሽም ሥራ አልፈታም፤ አክስቴ አፉን ወደ ታች ገልብጣ ገብስ ወደ ጆንያ ታንቆረቁርበታለች።

እኛ ቤት ዕቃ ጡረታ አይወጣም፤ ይዛወራል። የዱቄት ወተቱ ጣሳ ኮረሪማ ቤት ተመድቧል፣ የለስላሳው ፕላስቲክ ላምባ ይዟል፣ የማዳበሪያው ጆንያ ተተርትሮ የመደቡ ምንጣፍ ሆኗል። ዝውውሩ ደብዳቤ የለውም፤ አዲስ የመጣ ምራት ወይም እንግዳ ብቻ ነው ስኳር ፍለጋ ስድስት ጣሳ የሚከፍተው።

«ይሄ ያ የኔ ጀሪካን አይደለም?» አልኳት።

«የቱ ያንተው?»

«ክዳኑን ጣልህ ተብዬ የተገረፍኩበት።»

«እሱማ ተሰንጥቆ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኖ፣ ኋላም አለቀ። አሁንም አልረሳኸው?»

አልረሳሁትም። እግረ መንገዴን ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፦ ጀሪካን የሚለው ቃል ከጀርመኖች ጋር አንድ ነገር አለው ሲባል የሆነ ቦታ ሰምቻለሁ። ይህንን ጮክ ብዬ መናገሬ ነው ጥፋቴ። የአክስቴ ባል በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ናቸው፤ ጎንደር ደግሞ የአንድምታ አገር ስለሆነች፣ ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ ሲታለፍ አይወዱም።

«አንድም ጀርባ ነው» አሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው። «ሴቶቹ በጀርባቸው ያዝሉታል። ካን ደግሞ ክንድ ነው፤ ወንዱ በክንዱ ያነሣዋል። ጀርባና ክንድ፤ ጀሪካን።»

«አንድምስ አባባ?»

«ሌላ አንድም የለውም። ይኸው ነው።»

አንድም ብሎ ጀምሮ በአንዱ የሚያቆም ትርጓሜ ቅር አሰኘኝና ቤቴ ስመለስ ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ለአንድ ጀሪካን ሁለት ሌሊት መፍጀት አይገባም ነበር፤ ግን ፈጀሁ።

ዕቃው በእርግጥ የጀርመን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ቪንሰንዝ ግሩንፎግል የተባለ መሐንዲስ ለጀርመን ጦር ሠራው። ከብረት ነው፤ 20 ሊትር ይይዛል። እጀታው ሦስት ነው፦ ሙሉውን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሊይዘው፣ ባዶውን ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ሁለት ሊያነሣው። «ጄሪ» የእንግሊዝ ወታደሮች ለጀርመን ያወጡት የቅጽል ስም ነው፤ «ካን» ደግሞ ያው ጣሳ፣ ቆርቆሮ ማለት ነው። የጀርመን ቆርቆሮ፤ አለቀ።

አላለቀም። «ጄሪ» ራሱ ከየት መጣ ሲባል እንግሊዞቹም አንድምታ አላቸው። አንድም፣ ጀርመን የሚለው ቃል ተቆርጦ ነው። አንድም፣ ጄሪ በድሮ እንግሊዞች አፍ ፖፖ ማለት ስለነበር፣ የጀርመን ወታደር የብረት ቆብም ሲያዩት የተደፋ ፖፖ ስለሚመስል ነው። እኔ ለመጀመሪያው አደላለሁ፣ ልቤ ግን ሁለተኛውን ይወዳል። ለአባባ በስልክ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «የኔው ይሻላል» አሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጀሪካን ገና ከጅምሩ የተዛወረ ዕቃ መሆኑ ነው። ፖል ፕላይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዚያው አቆጣጠር በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሲል፣ ከበርሊን እስከ ህንድ በመኪና ለመጓዝ ተነሣ። መኪናውን አበጅቶ ሲያበቃ ለመንገድ የሚሆን የውሃ መያዣ እንደረሳ ታወቀው። አብሮት የሚጓዘው ጀርመናዊ ከአውሮፕላን ማረፊያው ክምችት ሦስት የነዳጅ ጀሪካን ይዞለት መጣ ይባላል። እንግዲህ ዕቃ በማዛወር አክስቴ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

እንግሊዞቹ በበኩላቸው በሰሜን አፍሪካ በረሃ ቤንዚን የሚጭኑት በስስ ቆርቆሮ ነበር፤ ብዙው እየፈሰሰ አሸዋ ያጠጣ ነበር። ወታደሩ ባዶውን ቆርቆሮ ለሁለት ይቆርጠዋል፣ አሸዋ ይሞላበታል፣ ቤንዚን ጠብ አድርጎ ይለኩሰዋል፤ ሻይ ማፍያ ምድጃ ሆነ። አክስቴ ብታየው ትመርቀው ነበር።

አባባ ግን እጅ አልሰጡም። በሌላ ቀን ደውለው «እንግሊዝ ነው ያመጣው፤ ጣልያንን ሲያባርር በዚሁ በደጃችን አለፈ» አሉ። መንገዱስ እውነት ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው በኮሶዬ ነው የሚያልፈው። በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን የወልቀፊት የጣልያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ተከቦ እጁን ሰጠ፣ ኅዳር 18 ቀን ደግሞ የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ነገር ግን እንግሊዞች ጀሪካኑን አስመስለው በብዛት የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። እንደኔ ግምት ያን ጊዜ በአክስቴ ደጅ ያለፈው ያው የሚያፈሰው ቆርቆሮ ነው።

ፕላስቲኩ የመጣው በሰላሙ ጊዜ፣ ዘይት ተሞልቶ ነው። ከዚያ በፊት ጀርባው የእንስራ ነበር። ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ስትወጡ ገና ከከተማው እንደወጣችሁ ወለቃን ታልፋላችሁ፤ የሸክላው ሥራ ስሟን ያስጠራላት መንደር። እንስራም ቢሆን ተሰብሮ አይጣልም ነበር፦ ገል ይሆንና ከጎረቤት እሳት ይጫርበታል፣ እጣን ይጤስበታል። ጀሪካን ከእንስራ የወረሰው የሴቶቹን ጀርባ ብቻ አይደለም፤ ዝውውሩንም ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ቆራሌው ነበር የሚወስደው፤ «ቆርቆሮ ያለው!» እያለ ሲጮኽ ውሎ ቃሉ ራሱ ተሸራርፎ «ቆራሌው» የሆነበት ሰው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፣ እዚያ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይነሣል። ኮሶዬ ቢመጣ ግን ጦሙን ያድራል፤ አክስቴ ቀድማዋለች።

አሁን ወደ ቂሜ ልመለስ። የጀርመኑ ጀሪካን ክዳን አይጠፋም! ከአንገቱ ጋር በማጠፊያ ተያይዞ ቀጭ ብሎ ነው የሚዘጋው። ወደ ፕላስቲክ የገለበጠው ሰው ሦስቱን እጀታ አንድ አደረገው፣ ክዳኑንም ፈታው። የሱ ቁጠባ እኔ ላይ ወረደ። ወንዝ ወርጄ 20 ኪሎ ውሃ ተሸክሜ ስመጣ በጨርቅ ውታፍ እየፈሰሰ ግማሽ ይደርሳል፤ እናቴ ደግሞ አለንጋ ትፈልጋለች። ጀሪካን ከጀርባ ጋር ዝምድና ካለው በዚህ በኩል ነው፤ እስከዚህ ድረስ አባባ ልክ ናቸው።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ በፊት፣ ያን ዕለት ኮሶዬ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ መኪናውን እየጎተተ በደጁ አለፈ። ገላው ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። «ሲኖትራክ ነው» አለኝ። በኔ ጊዜ የጭነት መኪናዋ ኤንትሬ ነበረች። ጎማዎቹን አየሁ፦ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ነጭ ክዳን። የኔም ኤንትሬ አራተኛ ጎማ ጎድሏት ነበር፤ ለእናቴ ሳልነግራት ነው ያለፈችው።

«የጀሪካኑን ክዳን ያየ አለ?» አለች አክስቴ ከጓዳ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«አላየንም» አልኩ።