አንገቱ የተቆረጠ ብሎን

ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ ወርጄ አቦቦ በገባሁ ማግሥት፣ የአሮጌዋን መኪናዬን የጭስ ማውጫ ከሞተሩ ቴስታታ ጋር ከሚያያይዙት ብሎኖች አንዱን ልፈታ ስል፣ በኃይለ ሥጋዬ ተመክቼ ቁልፉን በእግሬ ብረግጠው፣ ራሱ ተቆርጦ ወደቀና ግንዱ እንደ ባሕታዊ በዋሻው ውስጥ ቀረ። ዘወትር ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረ ብረት ከዝገቱ ጋር ኪዳን ይገባል፤ ይህን ዘንግቼ ነበር።

«ጋሼ፣ በጉልበት አይሆንም» አለኝ ወጣቱ መካኒክ፤ ዘይት አንጠባጥቦበትም እስከ ነገ ተወው። ትራፓኖ እንዲያነሣ ብወተውተው፣ ፑንታው ከመካከል ጥቂት ከሳተ ለስላሳውን አሉሚኒየም እንደሚበላው ነገረኝ። እኔም ሥራ ፈት ሆኜ፣ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ለመስኖ የተሠራውን የአልዌሮን ግድብ ሳይ ዋልሁ፤ በዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ ስንት ብሎን ዝጎ ይሆን እያልሁ። (ሰው የራሱ ሲሰበርበት የሌላውን መቍጠር ይወዳል።)

በማግሥቱ በጉቶው ላይ ዳዶ አስቀምጦ በቀዳዳው በኩል በየደው፤ የብረት ብየዳ አሉሚኒየሙን አይዝምና ቴስታታው አልተነካም፤ ብሎኑ ግን ግሎ ሲያብጥ፣ ቀዝቅዞም ሲኮማተር፣ ዝገቱ ተፈረካከሰ። ከዚያም ዳዶውን በቁልፍ ይዞ፣ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እያመላለሰ፣ እንደ ማኅሌታይ ጽናጽል በዝግታ ሲያወዛውዘው፣ ሲጥ ብሎ ወጣ።

አዲሱን ብሎን ሲያስገባ ቁልፉን ለእኔ አልሰጠኝም።