የተጠረጠረ እና የተረጋገጠ

ልጆቻችን ኮምፒውተር ላይ ቀይ ምልክት ሲወጣ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ፤ ወይ ይደነግጣሉ፣ ወይ ሳያነቡ ይዘጉታል። የልጅ ልጄ ከሁለተኛዎቹ ነው። ለእረፍት ቀየት ሲመጣ የላፕቶፑ አንቲቫይረስ ክሮም ላይ የጫነውን አንድ ኤክስቴንሽን «የማይፈለግ ሊሆን የሚችል ፕሮግራም» እያለ ይጮህ ነበር። «ተይው እማዬ፣ ዝም ብሎ ነው» አለኝ።

ኮምፒውተር አልተማርኩም። ጤና ጣቢያ ግን «የተጠረጠረ» እና «የተረጋገጠ» የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ስሞላ ነው ያረጀሁት። ሁለቱን ያምታታ ባለሙያ ወይ ጤነኛውን ያስጨንቃል፣ ወይ በሽተኛውን አጽናንቶ ወደ ቤቱ ይሰደዋል። «ሊሆን የሚችል» ማለት ተጠርጣሪ ማለት ነው። ተጠርጣሪ ደግሞ ይመረመራል እንጂ ችላ አይባልም።

ኤክስቴንሽን ክሮም ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ማስታወቂያ ይከለክላል፣ አንዱ ይተረጉማል፣ አንዱ ቪዲዮ ያወርዳል። ሲጫን ፈቃድ ይጠይቃል። ከፈቃዶቹ ሰፊው በሚከፈቱ ድረ ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ ነው። ይህን ያገኘ ኢሜይሉንም የባንኩንም ገጽ ሊያይ ይችላል። ችግሩ ደህናዎቹም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ ተርጓሚ ገጹን ሳያነብ እንዴት ይተረጉማል? ሰዓት ብቻ የሚያሳይ ከጠየቀ ግን ምን ሊያደርግበት ነው?

«ሁለት ዓመት ስጠቀምበት ምንም አላደረገኝም» አለኝ ልጁ። ይህም መልስ አይሆንም። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ብዙ ሰው የወደደው ኤክስቴንሽን ነበር። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሠሪው ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ፤ በየካቲት 2021 ጎግል ጎጂ ፕሮግራም አለበት ብሎ ከመደብሩ አስወጣው። ስሙ ያው፣ ባለቤቱ ግን ሌላ። የኛውን ቪዲዮ አውራጅ ሠሪ ብንፈልግ ስም እንኳን አልነበረውም። አስወገደው፤ የይለፍ ቃሉንም በሌላ መሣሪያ ቀየረ።

ከዚህ የሚከፋው ማስጠንቀቂያ መስሎ የሚመጣው ነው። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 (በነሱው አቆጣጠር) ባወጣው ጥናት፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተላከ ኢሜይል ወደ ቪዲዮ ገጽ ይወስዳቸው ነበር። ገጹ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ ይላል፤ አንዳንዴም የፒዲኤፍ ተጨማሪ ጫኑ ይላል። የሚጫነው ሰላይ ፕሮግራም ነው። ከተላከላቸው መካከል መቀመጫውን አሜሪካ ያደረገው ኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ፣ አንድ የዶክትሬት ተማሪና አንድ ጠበቃ ነበሩበት። የተማሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። «ጫን» ያላቸው የገዛ ኮምፒውተራቸው ሳይሆን የከፈቱት ገጽ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማነው የሚናገረው?» ብዬ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው አንቲቫይረስ የራሱ መስኮት አለው፤ ከፍተን ስናየው ያው ማስጠንቀቂያ በመዝገቡ ተጽፎ ይገኛል። ገጽ ላይ ብቅ ብሎ ደቂቃ እየቆጠረ «አሁኑኑ ይደውሉ» የሚል ግን አጭበርባሪ ነው።

በስልክ ለምንጠቀም አዛውንቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአንድሮይድ ስልክ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚለው መልእክት በየጊዜው ከላይ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ቀን ሳናስተውል «ፍቀድ» ካልነው ድረ ገጽ ነው። መልእክቱን ሳይነኩ የክሮምን ቅንብሮች፣ ከዚያ ማሳወቂያዎችን ከፍቶ የማያውቁትን ገጽ መከልከል ነው። ጎረቤቴ ስልኳን አምጥታልኝ እንዲሁ አደረግን፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣባትም።