አገልጋዩም ይማራል

ዛሬ ጌታ እኔን የወቀሰበትን ነገር ላካፍላችሁ።

ለሃያ ዓመታት ያህል በመጋቢነት ካገለገልሁ በኋላ «ለከፍተኛ ሥልጠና ተዘጋጅ» ስባል ደስ አላለኝም። ሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ በሚገኘው የኢትዮጵያ አድቬንቲስት ኮሌጅ ነገረ መለኮት ተምሬያለሁ። «ከዚህ በላይ ምን ቀረኝ?» የሚል ትዕቢት በልቤ ነበረ።

በዚያው ሰንበት ከአምልኮ በኋላ ብቻዬን ወደ አርዲቦ ሐይቅ ወጣሁ። ዳር ተቀምጬ ስጸልይ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ በገባበት ጊዜ ልጃቸውን አጥተዋል። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ገና ከመቀመጤ ስለ ትንሣኤ ተስፋ ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረደርሁላቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ጥቅሱንስ እኔም አውቀዋለሁ ልጄ። እስቲ ትንሽ ዝም ብለህ አብረኸኝ ተቀመጥ» አሉኝ። የተናገርሁት ቃል እውነት ነበረ። ካዘነ ሰው ጋር መቀመጥን ግን አላውቅበትም ነበር።

ከአርዲቦ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል። የላይኛው ራሱ ከዝናቡና ከተራራው ካልተቀበለ፣ ለታችኛው የሚያወርደው የለውም። እኔስ ሳልቀበል እስከ መቼ እሰጣለሁ?

እዚያው ታች፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ደቀ መዛሙርትን ያስተምሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ እርሳቸው የመጡት፣ እንደሚተረከው፣ ጀማሪ ሆነው ሳይሆን ሲሰብኩ ከቆዩ በኋላ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይም አጵሎስ መጻሕፍትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰባኪ ሳለ፣ ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ የጌታን መንገድ አብልጠው ሲገልጡለት አልተቆጣም። ከዚያ በኋላ ያመኑትን እጅግ የጠቀመው በዚህ ትሕትናው ነው።

ናይሮቢ አጠገብ ያለው የአፍሪካ አድቬንቲስት ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው አስቀድመው በዲግሪ የተመረቁትን ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ መጋቢዎችና የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ናቸው። ስለ መጋቢነትና ስለ መሪነት ጠለቅ ያለ ትምህርት ይሰጣል። ዲግሪ መንፈስ ቅዱስን አይተካም፤ ያለ ጸሎት የተገኘ እውቀት ያስታብያል። ነገር ግን ባለማወቄ የሚጎዳው መንጋው ከሆነ፣ አልማርም ማለቴ መንፈሳዊነት ሳይሆን ስንፍና ነው።

በማግስቱ ለመማር ፈቃደኛ መሆኔን ለመሪዎቼ ነገርሁ። ከዚያ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድሁ። ያን ቀን ጥቅስ አልጠቀስሁም። ስለ ልጃቸው እያወሩ፣ እኔም እየሰማሁ መሸ። ስወጣ መርቀው ሸኙኝ።

አንተ አገልጋይ፣ ከተማርህ ስንት ጊዜ ሆነህ? እናንተ ምእመናንስ፣ መጋቢያችሁ ሊማር ሲሄድ «ጥሎን ሄደ» ትላላችሁ ወይስ ትጸልዩለታላችሁ?

ጌታ የሚማር ልብ ይስጠን። አሜን።