የዕድር ጸሐፊነት ያስተማረኝ ክርስትና

ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሰፈር ለረጅም ጊዜ የዕድር ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። የእኛ የሰፈር ዕድር እንጂ የማኅበር ዕድር አይደለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው፣ መስጊድ የሚሰግደውና ፕሮቴስታንቱ በአንድ መዝገብ ተመዝግበው፣ እኩል ወርኃዊ መዋጮ ከፍለው፣ በአንድ ድንኳን ይጠቀማሉ። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ ግን የዕድሩን መዝገብ ከተረከብኩ በኋላ ነው። ከዚያ የቀሰምኩትን ላካፍላችሁ።

1. ማክበር ከማወቅ ይጀምራል

ሙስሊም ጎረቤት ሲያርፍ ፋታ የለም። አስከሬኑ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሶላት ተሰግዶበት፣ ከተቻለ በዚያው ቀን ይቀበራል። እኛ ዘንድ ግን ዘመድ ከክፍለ ሀገር እስኪደርስ መጠበቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ የሙስሊም ቤት መርዶ ሌሊት ከመጣ ጥሩምባ ነፊው ሳይነጋ ሰፈሩን ይዞራል፤ ገንዘብ ያዡ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ገንዘቡን ያወጣል፤ መኪና በጠዋት ይቆማል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ልቡ ምንም ያህል ደግ ቢሆን ሐዘንተኛውን ይበድላል።

በፕሮቴስታንት ቤትም የራሱ ወግ አለ። ለሞተ ሰው መጸለይን ስለማይቀበሉ «ነፍስ ይማር» ከማለት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት ይሻላል። ፍትሐትና ተዝካር አይጠበቅም። ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር ሲዘመር «እነዚህ ሰዎች አላዘኑም እንዴ?» ብሎ የሚያጉረመርም ለቀስተኛ አይጠፋም። ሐዘናቸውን በተስፋቸው በኩል እየገለጹ መሆኑን ቀስ ብሎ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ደግነት ዝርዝር ካላወቀ መንገድ ይስታል።

2. ሁሉም የሚቀምሰውን አስቀድም

የለቅሶ ቤት ንፍሮን አስባችሁት ታውቃላችሁ? ስንዴና ሽምብራ ተቀቅሎ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት በሰፌድ ይቀርባል። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ ጿሚውም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም ያለ ሥጋት ይዘግናል። ሽሮውም እንዲሁ ነው። ሥጋ ከመጣ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን እርድ ነው የሚበላው። ለዚህም ነው በሠርጋችን የሙስሊም እንግዶች አራጅ፣ ድስትና ወጥ ቤት ለብቻ የሚሰናዳው።

አንዳንድ ወጣቶች «ሥጋ ያው ሥጋ ነው፣ ምን ያካብዳችኋል?» ይሉናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ጣዖት ከንቱ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። መብላት መብቱ እንደሆነም አልካደም። ነገር ግን ምግቡ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ ጨርሶ እንደማይበላ ጻፈ። እሱ የጻፈው ስለ ክርስቲያን ወንድም ነው፤ እኛ በዚያው ልክ ለጎረቤት ብንጠነቀቅ ይበዛብናል አልልም። በእኛ ዕድር ረመዳን ሲገባ የሙስሊም አባላት የማስተናገድ ተራ ከአፍጥር በኋላ ይሆናል። ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ሲያበላና ሲያጠጣ እንዲውል ማን ይፈርድበታል?

3. ልዩነትን መሸፈን ፍቅር አይደለም

ኦርቶዶክስ ሲቀበር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ይሸኛሉ፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይቀርባሉ። ሙስሊም ሲቀበር እኛ ሶላቱ እስኪጠናቀቅ ከሰልፉ ወጣ ብለን ዝም ብለን እንቆማለን። ማንም ያላመነበትን አያደርግም፤ ማንም ተገፋሁ ብሎ አይከፋም።

ጌታችን ከሳምራዊቷ ሴት ጋር በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሲነጋገር አይሁድና ሳምራውያን የሚሰግዱበት ቦታ እንኳ አያስማማቸውም ነበር፤ አንዱ ኢየሩሳሌም፣ ሌላው የገሪዛን ተራራ ይላል። ሴትየዋ ጥያቄውን ስታነሣ አላድበሰበሰባትም፤ የሚያምነውን በግልጽ ነገራት። ሆኖም አላባረራትም፣ አላንቋሸሻትም። «ሁሉም ሃይማኖት ያው ነው» የሚሉ ሰዎች ሰላም ፈላጊ ይመስላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ሁለቱንም ወገን እንደሚያስቀይሙ ነው። አጥብቆ ለሚያምን ሰው እምነቱን ማቅለል ስድብ ነው።

4. ከሌላው እጅ መቀበልንም ልመድ

በዚያው ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናልፈው ነገር አለ። ጌታችን ውይይቱን የጀመረው ውኃ በመለመን ነው። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር በአንድ ዕቃ የማይጠጡበት ዘመን ነበርና ሴትየዋ ራሷ ተገረመች።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ጓዳችንን የያዙት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ቡናውን እነሱ አፈሉ፣ ሰሃኑን እነሱ አጠቡ፣ ዕቃውን ቆጥረው ለዕድሩ ዕቃ ቤት የመለሱት እነሱ ናቸው። አንዷ እናት «ልጄ፣ ዛሬ አንተ ጸሐፊ አይደለህም፤ ልጅ ነህና ቁጭ በል» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ሰጪ ብቻ ሆኖ መኖር የሚወድ ሰው ሳያውቀው ከጎረቤቱ በላይ ይቀመጣል። ሰውን የሚያከብር ክርስቲያን ከሰው እጅ መቀበልም ያውቃል።

5. ስለ ሰው እምነት ከራሱ አፍ ስማ

በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም መጡ። ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ሰዎቹ ተላልፈው እንዲሰጡም ጠየቁ። ክርስቲያኑ ንጉሥ የከሳሾችን ቃል ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ የሚያምኑትን ራሳቸው እንዲናገሩ አደረገ፤ ስለ እመቤታችን ማርያም የሚናገረውን ምዕራፍ አነበቡለት። ከዚያ በኋላ ስጦታውን መለሰ፣ ሰዎቹንም አስጠለለ። ትግራይ ውስጥ ያለው ነጋሽ የዚያ ታሪክ መታሰቢያ ነው።

እኛ ይህን ታሪክ በዓል ሲመጣ ለመኩራሪያ እናነሣዋለን። በየቀኑ ልንከተለው የሚገባው ግን የንጉሡ አሠራር ነው። ስለ ሙስሊሙ ከሙስሊሙ፣ ስለ ፕሮቴስታንቱ ከፕሮቴስታንቱ፣ ስለ ኦርቶዶክሱም ከኦርቶዶክሱ መስማት። በስብሰባችን ላይ ሰውየው በሌለበት ስለ እምነቱ ወሬ ሲነሣ ሰብሳቢያችን «እሱ ሲመጣ ደግመህ ንገረን» ይላል። አብዛኛው ወሬ እዚያው ይቀራል።

6. የቅርቡ ሰው ይከብዳል

እውነቱን ለመናገር ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ከመስማማት ይልቅ ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር መስማማቱ ይከብዳል። አንድ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ መለያየት ቂም ይወልዳል። በየአካባቢው «የእኛ መካነ መቃብር አይደለም» እየተባለ የፕሮቴስታንት አስከሬን የተንገላታበት ጊዜ ነበር። በሌላ በኩልም የአባቶችን ሥርዓት በመድረክ ላይ መሣለቂያ ያደረጉ ሰባኪዎች አልጠፉም።

እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ 1971 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። በዚያ ዓመት ክረምት ደርግ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። በዚያው ክረምት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል አግኝተው ምእመኖቼን ጥዬ አልሄድም ያሉ ሰው ናቸው። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ገዳዮቻቸው ሥርዓተ ቅዳሴያቸው የተለያየ ነው ብለው አልለዩአቸውም። እኛም ቢያንስ በሐዘን ቀን መለየት የለብንም።

7. መዝገቡ የማይጠይቀውን አትጠይቅ

የቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። የዕድራችን መዝገብ ግን የአባሉን ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰቡን ዝርዝርና የመዋጮውን ሁኔታ ብቻ ነው የሚይዘው። አገር በተናወጠበት ሰሞን «ይህ ሰው የየት ነው?» የሚሉ ሹክሹክታዎች ድንኳን ድረስ መጥተዋል። መልሳችን «መዋጮውን ከፍሏል» የሚል ነው።

8. ዕርዳታን ከስብከት ጋር አታስር

ሰፈራችን ውስጥ ዘይትና ዱቄት እያደሉ በዚያው ለጉባኤ ቀጠሮ የሚይዙ ሰዎች ገጥመውናል። ወንጌል መስበክ መብት ነው፤ ለክርስቲያን ግዴታም ነው። ነገር ግን የተራበ ሰው «እምቢ» ማለት በማይችልበት ሰዓት የሚቀርብ ስብከት ማባበያ ይሆናል። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቃችሁ በየዋህነትና በአክብሮት መልሱ ብሎ መክሯል። እንግዲህ ዱቄቱን ስጥ፤ ከጠየቀህ መልስ፤ ካልጠየቀህም በሚቀጥለው ወር ዱቄቱን ስጥ።

9. ትእዛዙ ስሜት እስኪመጣ አይጠብቅም

በዕድራችን የማይነጋገሩ ሰዎች አሉ። በአጥር የተካሰሱ፣ በልጆች የተጣሉ፣ በሃይማኖት የተቃቃሩ አሉ። ሐዘን ሲመጣ ግን ተራው የደረሰ ሁሉ የድንኳኑን ምሰሶ ያነሣል። መጀመሪያ ላይ ይህን ግብዝነት ነው የሚሉ ነበሩ። ስለ ደጉ ሳምራዊ በሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን ስመለከት ግን የሚበዛው ተግባር ነው፤ ቀረበ፣ ቁስሉን አሰረ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት፣ በራሱ እንስሳ አስቀመጠው፣ ወደ ማደሪያ ወሰደው፣ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ከፈለ። የቆሰለው ሰው ሃይማኖት አልተጠየቀም፤ ከዳነ በኋላ ሳምራዊ ይሁን አይሁን አልተነገረንም።

ምሰሶ አብረው ከተሸከሙት ባላንጣዎች አንዳንዶቹ ታርቀዋል፤ አንዳንዶቹ ዛሬም እንደተኳረፉ ናቸው። ሐዘንተኛው ግን በሁለቱም ጊዜ ድንኳን አግኝቷል። መዝገቡን ለሚረከበኝ ወጣት ሁልጊዜ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ፍቅሩ ልባችን ውስጥ እስኪገባ እንጠብቅ ካልን አስከሬን ይዘን ይመሽብናል።