ጉጉቷን በዝናብ ስንጠብቅ

ብዙዎቻችን ጉጉትን የምናውቃት በድምጿ ብቻ ነው። አይተናት ሳናውቅ እንፈራታለን። ሌሊት ከጮኸች አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ድንጋይ ያነሳል፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል። ይህን ፍርሃት ልጆቻችንን ቁጭ አድርገን አናስተምራቸውም። እነሱ ግን ከፊታችን ላይ አይተው ይወስዱታል።

የእኔም ልጅ የወሰደችው እንደዚያ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ታማ በተኛችበት ሰሞን ከግቢው ጀርባ ካሉት ባሕር ዛፎች ላይ ጉጉት ስትጮህ ሰነበተች። እናቴ ባረፈች ማግስት ለቅሶ የመጡ አንድ ትልቅ ዘመዳችን «መቼም አስቀድማ ነግራን ነበር» ሲሉ ልጄ ሰማች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስኮት ካልተዘጋ አልተኛም አለች። አንድ ማታ ደግሞ «አባዬ፣ እማማን የወሰደቻት ጉጉቷ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይደለችም» አልኳት። ፍርሃቱ ግን በዚህ አልለቀቃትም። በትርፍ ጊዜዬ ወፎችን ፎቶግራፍ አነሳለሁና፣ የታየኝ መላ ጉጉትን በዓይኗ እንድታይ ማድረግ ነበር። እናቷም ተስማማች። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ላይ ስለሆነ ዝናቡን መሸሽ አልቻልንም፤ ነሐሴ ላይ ወደ ባሌ ተነሳን።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዲንሾ ገባን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው ወደዚህ ፓርክ ብዙ ሰው የሚሄደው ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው። እኛን ያስኬደን ግን በጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ያለው የጥድና የኮሶ ደን ነበር። በሳይንስ መጠሪያዋ የአቢሲኒያን ስም የያዘችው ባለ ረጅም ጆሮ ጉጉት ቀን ቀን እዚያ ታርፋለች።

ጠዋት ደኑ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ዝናቡም ያካፋል። አስጎብኚያችን ከአንድ ዛፍ ፊት ለፊት፣ ራቅ ብሎ አቆመንና «ከዚህ አናልፍም» አለ። ለልጄ ምክንያቱን በዝግታ አስረዳት። የጉጉት ላባ ስትበር ድምፅ እንዳይሰማ በጣም ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ በመሆኑ ግን ዝናብ ቶሎ ያርሰዋል። አይጥ የምታድነው በአብዛኛው በጆሮዋ ነው፤ የዝናቡ ድምፅ ደግሞ የአይጧን ኮሽታ ይውጠዋል። ስለዚህ በዝናብ ሌሊት ጾሟን ልታድር ትችላለች። «አሁን ካስበረገግናት ደረቁን ቦታዋን ትለቃለች፤ ርቧትም ትበርዳለች» አላት።

ሌንሱን በፌስታል ሸፍኜ በላስቲክ አሰርኩት። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ባትሪ ከሹራቤ ሥር ደበቅኩት። ፍላሽ አልተጠቀምኩም፤ ለጨለማ የተሠራ ዓይን ላይ ብርሃን መርጨት ደግ አይደለም፣ በዚያ ላይ የዝናቡን ጠብታ ሁሉ ነጭ ነጥብ ያደርገዋል። ብርሃኑ ትንሽ ስለነበር ካሜራውን መቆሚያው ላይ አስሬ ሸተሩን አዘገየሁት። ልጄ በካሜራው ላይ ጃንጥላ ያዘች። ሥራ ስለተሰጣት መፍራቱን የረሳችው መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል የታየን ነገር ቢኖር እርጥብ ግንድ ነበር። ከዚያ ልጄ እጅጌዬን ጎተተችና «አባዬ፣ ግንዱ ዓይን አለው» አለች በሹክሹክታ።

እውነትም ጉጉቷ እዚያው ነበረች። ቡናማ፣ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ብርቱካናማ ዓይኗን በከፊል የከደነች። ከአናቷ ላይ ጆሮ መስለው የቆሙት ላባዎች ናቸው፤ እውነተኛ ጆሮዎቿ ከፊቷ ግራና ቀኝ ተሸፍነዋል። አንገቷን ወደ ኋላ ስታዞር ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ እንደ እኛ ስለማይንቀሳቀስ ጭንቅላቷን ታዞራለች፤ እኛ በአንገታችን 7 አጥንት ሲኖረን እሷ 14 አላት። ጉጉቷ ጥቂት አየችንና ውኃውን አራግፋ ተመልሳ አንቀላፋች።

«ለምንድን ነው የምትጮኸው?» አለች ልጄ።

«ቦታው የእኔ ነው ለማለት፣ ጓደኛዋንም ለመጥራት» አላት አስጎብኚው።

«ታዲያ እማማ ጋ ለምን መጣች?»

ይህን መመለስ የእኔ ፋንታ ነበር። «አልመጣችም፤ ሁልጊዜም እዚያ ነበረች። ሌላ ጊዜ ስለምንተኛ አንሰማትም። ያን ሰሞን ግን እማማን ስናስታምም ሌሊቱን ሁላችንም ነቅተን ነበር» አልኳት። ዝም አለች። ጃንጥላውን ግን አላወረደችም።

ማረፊያችን ስንደርስ ፎቶውን ካላየሁ ብላ አስቸገረችኝ። ከብርድ ወጥቶ ሙቀት ውስጥ የገባ ካሜራ ውስጡ ጤዛ ስለሚይዝ፣ ቦርሳው ሳይከፈት ቀስ ብሎ እስኪሞቅ ጠበቅን። ካነሳሁት ሁሉ የረቡት ሦስት ናቸው። እሷ የመረጠችው ዝናቡ እንደ ክር የተዘረጋበትን፣ ጉጉቷም ከጉሙ የወጣች የምትመስልበትን ነው።

በእንቁጣጣሽ ሌሎቹ ልጆች የአበባ ሥዕል ይዘው ወደ አያታቸው ሲገቡ፣ የእኔዋ ያንን ፎቶ አሳጥባ ይዛ ገባች። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። «ይቺ ናት? ያን ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ስሰማት ነበር» አለ።

«አባባ፣ እሷ ሁሌም ትጮሃለች። አንተ ስላልተኛህ ነው የሰማሃት» አለችው።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ። አልተኛሁም ነበር» አለና አጠገቡ አስቀመጣት። ስለ እናቴ የመጨረሻ ሌሊቶች ሲናገር ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጉጉት ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። ብዙ የደብር ዛፎች ላይ ትገኛለች፤ አመሻሽ ላይ ራቅ ብሎ ዝም ብሎ መቆም ነው። ፍላሽ ይጥፋ፣ ድንጋይም አይወርወር፣ እንድትበር አናስገድዳት። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ጃንጥላውን ልጁ ይያዝ።