ሦስተኛው ሻጭ

ኢንቴል የሚለውን ስም ያላየ ወላጅ የለም ማለት ይቻላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የበሽተኛ መዝገብ የምንሞላባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊታቸው ላይ ያቺ ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ተለጥፋባቸው ነበር። ስለዚህ የልጅ ልጄ «እማማ፣ የኢንቴል ግራፊክስ ካርድ ዋጋው ረከስ ይላል፤ ግን ሰው ይፈራዋል» ስትለኝ ግራ ገባኝ። ይህን ያህል ስም ያለው ድርጅት ዕቃው እንዴት ይፈራል?

ልጅቷ እዚሁ ባሕር ዳር የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው እየዞረ የሚያየው አስመስላ በኮምፒውተር እየሠራችው ነው። ኮምፒውተሩ ግን የሳለችውን አጥርቶ እስኪያወጣ ሌሊቱን ሙሉ ያጓራል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ነው። ካርዱ ይህን ያፋጥናል ትላለች። ታናሽ ወንድሟም ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ የሱ ዓይን ጌሙ ላይ ነው።

ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ልዩነታቸው የገባኝ በክትባት ዘመቻ አስቤው ነው። ፕሮሰሰር እንደ ስፔሻሊስት ሐኪም ከባዱን ሥራ በተራ ይሠራል። ካርዱ ደግሞ በየመንደሩ እንደተሰማሩ መቶ ከታቢዎች ቀላሉን ሥራ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠሩታል። ኢንቴል ኃይሉ በስፔሻሊስቱ በኩል ነበር።

ገንዘቡ ለጣራ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም በየቤታችን አይተነዋል። በዶላር የሚገዛ ዕቃ ተበላሽቶ ቢቀር ሁለተኛ የሚገዛበት አቅም የለም። ስለዚህ ልጆቹን አስቀምጬ አስነበብኳቸው፤ ያልገባኝንም ደጋግሜ ጠየቅሁ።

ኢንቴል ወደዚህ ገበያ ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አይ740 የሚባል ካርድ አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ቀጥሎ ላራቢ የሚባል ነገር ለዓመታት ሲያዘጋጅ ቆይቶ፣ በ2009 መጨረሻ ለገበያ እንደማያቀርበው ተናገረ። ሦስተኛው ሙከራ አርክ ይባላል፤ ኤ770 እና ኤ750 የተባሉት ካርዶች በጥቅምት 2022 ለሽያጭ ቀረቡ። ኤ750 በ289 ዶላር ነበር። ገበያው ግን በኤንቪዲያ የተያዘ ነው፤ ኤኤምዲ በሩቅ ይከተላል።

ያስቸገረው ካርዱ ሳይሆን ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት ካርዱ ከየፕሮግራሙ ጋር እንዲግባባ የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው። ኤንቪዲያ በ1993 የተቋቋመ ነውና ለየጌሙ፣ ለየፕሮግራሙ ለዓመታት ሲጠግን ኖሯል። አዲስ ገቢው ኢንቴል ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከየት ያምጣው? አዳዲሶቹ ጌሞች ደህና ሲሠሩ የቆዩት ይንቀራፈፉ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ግን በወጣ አዲስ ድራይቨር ከቆዩት ጌሞች ብዙዎቹ ፍጥነታቸው በጣም ጨመረ፤ ካርዱ ያው ነው፣ የታከመው ሶፍትዌሩ ነው። ይህን ስሰማ ኢንቴልን ወደድኩት። በሥራ ዘመኔ በእርዳታ መጥተው አንድ ቀን ብልሽት ሲገጥማቸው የሚጠግናቸው ጠፍቶ መጋዘን የቀሩ ማሽኖች አይቻለሁና፣ ከሸጠ በኋላ ተመልሶ የሚጠግን ሻጭ ያስደስተኛል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኢንቴል ካርዶች በደንብ እንዲሠሩ ማዘርቦርዱ «ሪሳይዘብል ባር» የሚባል ነገር ሊኖረው ይገባል። ይህም ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ነው። እንደኛ ቤቱ ያሉ ከቢሮ ወጥተው የተሸጡ የቆዩ ኮምፒውተሮች ይህ የላቸውም። በታኅሣሥ 2024 በ249 ዶላር የወጣው ቢ580፣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ በዚያ ዋጋ መቅረቡ በጣም ተወድሶለት ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ደከም ካለ ፕሮሰሰር ጋር ሲገጠም ፍጥነቱ እንደሚወርድ የሞከሩት ባለሙያዎች አሳዩ። እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱት፦ ርካሽ ካርድ የሚፈልገው አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ነው፤ ርካሹ ካርድ ደግሞ አዲስ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ቢሆንም ኢንቴል ተስፋ ቆርጦ እንዳይወጣ እመኛለሁ። ጣና ዳር ዓሣ የገዛ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ሻጭ ብቻ ቆሞ ከሆነ የቀረሶው ዋጋ አይነቃነቅም፤ ሦስተኛ ጀልባ ሲጠጋ ግን ሳትከራከሩም ይቀንሱላችኋል። ታዲያ በመስከረም 2025 ኤንቪዲያ ራሱ በኢንቴል ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር ኢንቨስት እንደሚያደርግና አብረው ቺፕ እንደሚሠሩ ሲነገር ደስ አላለኝም። ሦስተኛው ጀልባ ከመጀመሪያው ባለጀልባ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ ዋጋ ይሰብራል ብሎ ማመን ለእኔ ይከብደኛል። ልጅቷ «እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ይጠረጥራሉ» ትለኛለች።

የወሰንነው ይህን ነው። ውጭ አገር ያለው ልጄ ለጥምቀት ሲመጣ ያገለገለ ግን ንጹሕ የሆነ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060፣ 12 ጊጋባይቱን፣ ፈትሾ ያመጣል። እሷ የምትሠራበት ብሌንደር የሚባለው ፕሮግራም ከ2022 ጀምሮ በኢንቴልም ይሠራል፤ በኤንቪዲያ ግን ይፈጥናል። ካርዱ ከመምጣቱ በፊት የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ መቀየር አለብን፤ የቢሮ ዕቃ ስለነበረ እስከ 170 ዋት ለሚወስድ ካርድ አይበቃም። የሳጥኑንም ስፋት በሜትር ለክተን ለልጄ ልከንለታል። ከቆርቆሮው ገንዘብ የሚተርፈው ለበረንዳው ያህል ይሆናል። ኢንቴልን ደግሞ ኮምፒውተሩን ራሱን የምንቀይርበት ጊዜ ሲደርስ እናየዋለን፤ እስከዚያ ገበያውን ጥሎ ካልሄደ።