ጉድጓድ ሲቆፈር ቦቴውን ማን ያስባል?

እናንተዬ፣ የዛሬው ጉዳይ የገበታ ወሬ አይደለም። ቡና እየጠጣችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጨርሱ።

ሐይቅ ከተማ ያለው የቤተሰባችን ግቢ ሽንት ቤት ሞላና፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ደሴ መምጠጫ ቦቴ ተጠራ። መጣ፤ ግን አስፋልቱ ላይ ቀረ። የእኛ ቅያስ ባጃጅ እንኳ ትንፋሿን ውጣ የምታልፍበት ነው። ቱቦ በቱቦ ላይ ተቀጥሎ ጓሮ ሲደረስ ደግሞ ክዳን የሚባል ነገር የለም! ግንበኛው ሶሌታውን ወጥ አድርጎ ሞልቶታል። ረዳቱ «አብሽሩ» ብሎ መዶሻ አነሣ። ከተሰበረ በኋላም ፌስታሉና ጨርቁ የቱቦው አፍ ላይ እየተወተፈ ቀኑ መሸ። ቀጭኑ ውሃ ሄደ፤ ወፍራሙ ዝቃጭ ከታች ተቀመጠ።

አገራችን ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ያስከብራል፤ «ልጅ ልጆቻችን ድረስ አይሞላም» ይባላል። ቦቴው ግን በጉልበቱ አይስብም። የሆዱን አየር ያወጣል፣ የውጩ አየር ፍሳሹን ይገፋለታል። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሣል። እንደ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ንጹሕ ውሃ ከሆነ። ለዝቃጭ ከዚያም ያንሳል።

በመኪና ላይ ቤት ሠርተው የሚዞሩ ቱሪስቶችን አይታችሁ ይሆናል። የፍሳሽ ታንካቸው ከሥሩ መክፈቻ አለው፤ ቱቦ ሰክተው ይለቁታል። መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የዕቃ እጣቢውን፤ እጣቢው ቱቦውን ያጥብላቸዋል። ማውጫው የታሰበው ታንኩ ሲሠራ ነው።

ሌላ ከተማ ቢሆን ነገሩ የኪስ ጉዳይ ነበር። የሐይቅ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር መውጫ ወንዝ የለውም። ቦቴ ያቃተው ጉድጓድ ሞልቶ በክረምት ጎርፍ ከወረደ፣ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ወንዝ የለም፤ እዚያው ይከማቻል።

አሁን አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ዘመዶቻችን ቤት እየሠሩ ነው። ስልክ ደወልን፦ ጥልቀቱን ቀንሱና ወደ ጎን አስፉት፣ ሰው የሚያነሣው ክዳን ይኑረው፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ የቆሻሻ ቅርጫት ይቀመጥ። ግንበኛው «ገና ሳይሞላ?» ብሎ ሳቀብን። ቢሆንም የቦቴውን ቱቦ ርዝመት ከሾፌሩ ጠይቀን ላክንላቸው፤ ጉድጓዱም ከጓሮ ወደ አጥሩ በር ተዛወረ።